የሰፈራችንን ታሪክ ማን ይጽፈዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪና በታሪክ ማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከሁሉ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የንግግር ልምድ የለኝም፤ ዕድሜዬም 18 ዓመት ብቻ ነው። ከእኔ ይልቅ ብዙ ያየና ብዙ ያወቀ ሰው ተቀምጦ ሳለ ስለ ታሪክ ልናገር መነሣቴ ድፍረት መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ነገር ግን የምናገረው አብዛኛው ከእናንተው፣ ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን የሰማሁት ነው። ስለዚህ የእናንተን ገንዘብ መልሼ ለእናንተ እንደማስረክብ ቈጥራችሁ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የንግግሬ አርእስት «የሰፈራችንን ታሪክ ማን ይጽፈዋል?» የሚል ነው።

ታሪክ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ነገሥታትና ወደ ጦርነት ይሄዳል። በዚህ በኩል ደሴና አካባቢዋ የጐደለባቸው ነገር የለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው እዚሁ አጠገባችን በቦሩ ሜዳ ነው። በ17ኛው አንቀጹ ጠብ አስነሥቶ የዐድዋን ጦርነት ያስከተለው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በውጫሌ ነው። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወደ ዐድዋ ሲዘምት ከተሰበሰበባቸው ስፍራዎች አንዱ ወረኢሉ ነው። ራስ ሚካኤልም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህችው በደሴ ነው። ይህን ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት ጽፈውታል፤ እኛም ፈተና ሲደርስ እናጠናዋለን።

ነገር ግን ከትምህርት ቤታችን በታች ያለውን ምንጭ ማን ሲጠርገው ኖረ? ከተማችን በቦምብ በተደበደበች ቀን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በየት በኩል ሸሹ? በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ ከየገጠሩ መጥተው በየደጃፋችን ያረፉት ሰዎች እነማን ነበሩ? ማንስ አበላቸው? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ፈልገን አላገኘንም። መልሱ ያለው በሽማግሌዎቻችንና በባልቴቶቻችን ዘንድ ነው። እነርሱም በየዓመቱ እየተለዩን ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ብዕር የምናነሣው ግን ጥቂቶች ነን።

ማኅበራችን የተመሠረተበት ምክንያት የሚያሳዝን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ብዙዎቻችን ከቤተ ሰቦቻችን ጋር ከተማውን ለቀን ተሰደድን። እኔ በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ የቤታችንን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትወጣ አይቻለሁ። ስንመለስ ከሰማነው ክፉ ወሬ አንዱ የደሴ ሙዚየም መዘረፉ ነበር።

በሚከተለው ዓመት ወደዚህ ትምህርት ቤት መጥተን 9ኛ ክፍል ገባን። አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን «ከመዘረፉ በፊት ሙዚየሙን ያየ እጁን ያውጣ» አሉ። ከክፍሉ የሚበልጠው ተማሪ እጁን አወጣ። «እንግዲያው በዚያ ቤት ካያችሁት ዕቃ አምስቱን ከነታሪኩ ጻፉ» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ጋሻ አይቻለሁ አለ፤ የማን ጋሻ እንደ ነበር ግን አላወቀም። ሌላዋ የብራና መጽሐፍ ነበር አለች፤ ምን መጽሐፍ እንደ ሆነ ግን አልጠየቀችም። እኔም በአምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሄጄ ነበር፤ የማስታውሰው ከጉብኝቱ በኋላ የበላነውን ብስኩት ብቻ ነው። መምህራችን አልተቈጡንም። «ዕቃውን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ዕውቀቱን ግን ማንም አልወሰደባችሁም፤ መጀመሪያውኑ አልያዛችሁትም» አሉን። ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ ጎዳን። በዚያው ሳምንት 11 ተማሪዎች ሆነን የታሪክ ማኅበር አቋቋምን።

እኔ እስከ 8ኛ ክፍል የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በየማታው የዋልንበትን በደብተር እንድንጽፍ፣ በገጹም ራስ ላይ ቀኑን እንዳንረሳ ያስገድዱን ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ሥራ ቅጣት መስሎ ይታየኝ ነበር። ጓደኞቼ ግን «ቀን መጻፍ የለመደች እርሷ ናት» ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። በመጽሐፍ ቅዱስም ኢያሱ ከዮርዳኖስ ውስጥ 12 ድንጋይ አስወጥቶ ያቆመው በኋላ ዘመን የሚወለዱ ልጆች ምንነቱን እንዲጠይቁ ነው ብለው አስተምረውናል። እኔም ይህን እያሰብሁ ሥራዬን ጀመርሁ፤ ድንጋዩ እንደ ሆነ በየመንደሩ ሞልቷል፤ የጐደለው ጠያቂ ልጅ ነው።

አሁን ስለ ሥራችን ጥቂት ልንገራችሁ። ማኅበሩ አራት ደንብ አለው።

1ኛ፤ ሳናስፈቅድ ወደ ሰው ቤት አንሄድም። ስንሄድም ሁለት ሆነን ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል።

2ኛ፤ የሰማነውን «ሰማሁ»፣ ያየነውን «አየሁ»፣ ከመጽሐፍ ያገኘነውን «አነበብሁ» በሚል በየክፍሉ ለይተን እንጽፋለን። ሦስቱን አንድ ላይ ማደባለቅ ጤፍን ከአሸዋ ጋር እንደ መፍጨት ነውና።

3ኛ፤ እያንዳንዱን ታሪክ በሁለት ደብተር እንጽፋለን። አንደኛው ደብተር በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ለተናጋሪው ቤተ ሰብ ይሰጣል። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል በ2014 ዓ.ም. ተምረናል።

4ኛ፤ ማናቸውንም ዕቃ ከባለቤቱ ቤት አናወጣም።

ይህ አራተኛው ደንብ ከመጀመሪያው አልነበረም፤ ያወጣነው ከጥፋታችን የተነሣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ፎቶግራፍ አሳዩን። ሌላ አልነበራቸውም። ከእኛ አንዱ ልጅ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ለመመለስ ወሰደው። በሰኞ ገበያ መንገድ ሲሄድ የሐምሌ ዝናብ ያዘው፤ ፎቶግራፉ በኪሱ ውስጥ ረጥቦ ፊቱ ከወረቀቱ ጋር ተላጠ። ሁላችንም ሄደን በደጃፋቸው ቆመን ይቅርታ ለመንን። እርሳቸውም ለብዙ ጊዜ ወረቀቱን ሲያዩ ቆይተው «እኔ እንኳ መልኩ እየጠፋኝ ነበር፤ በዚህች ነበር የማስታውሰው» አሉን። ይቅር ብለውናል፤ ቡናም አፍልተው አጠጥተውናል። ፎቶግራፉ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማናቸውንም ወረቀት ባለቤቱ እያየ በቤቱ ውስጥ በስልክ እናነሣለን እንጂ ይዘን አንወጣም።

የሽማግሌ ወሬ ይታመናል ወይ? የሚሉን ብዙዎች ናቸው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ2016 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ያለፈ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ስለ ቦምቡ ቀን ጠየቅናቸው። መጻሕፍት እንደሚነግሩን የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ስለ ነበሩ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመትቷል። እኒህ አባት ግን መትረየሱንም ንጉሡንም አላዩም፤ በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። የነገሩን እንዲህ ነው።

«ረመዳን ነበር፤ ቀኑም ጁምዓ ነው። ሱሑር በልተን ተመልሰን ተኝተናል። በኋላ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። እናቴ እኔን በጀርባዋ፣ እኅቴን በክንዷ አድርጋ ወደ ጦሳ ተራራ ሮጠች። ከጎናችን የሚሮጡት ክርስቲያን ጎረቤታችንም ጾመኛ ነበሩ፤ የነቢያት ጾም ነበርና። እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀን ዋልን። ፀሐይ ሲጠልቅ ጎረቤታችን በመቀነታቸው የቋጠሩትን ቆሎ አውጥተው ለእናቴ ሰጧት። በዚያች ቆሎ አፈጠርን።»

ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰን ቀኑን መረመርነው። በሒሳብ መምህራችን ረዳትነት ወደ ኋላ ብንቈጥር ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በእውነት ዓርብ ሆኖ ተገኘ። በሰፈራችን መስጊድ ያሉ አንድ ሼህም የሒጅራውን አቈጣጠር ሠርተውልን በረመዳን 10ኛው ቀን ገደማ ላይ ወደቀ። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ቀን እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ የሰባት ዓመት ሕፃን በልቡ የያዘውን ነገር ከ88 ዓመት በኋላ ሦስት ዓይነት አቈጣጠር መሰከረለት። መጽሐፉ ስለ መትረየሱ ነገረን፤ ሽማግሌው ስለ ቆሎዋ ነገሩን። የደሴ ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምርመራው ጥያቄውን አይዘጋም፤ ያሰፋዋል። ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ስፍራውን «ደሴ» አሉት፤ «ደስታዬ» ማለት ነው እየተባለ ይነገራል። ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ሆነ ይባላል። እኛ ይህን ይዘን ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድን። በዚያ ዓመት በዓይን የታዩ ሁለት ጅራታም ኮከቦች እንደ ነበሩ ከመጻሕፍት አሳዩን። አንዱ የታየው በሰኔ 1874 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለተኛውና እጅግ ታላቁ የታየው በመስከረም 1875 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከተማችን ስሟን ያገኘችው በክረምት መግቢያ ነው ወይስ በአደይ አበባ ወራት? ይህን ከእኛ በኋላ ለሚመጡ የማኅበሩ አባሎች የቤት ሥራ አድርገን ትተንላቸዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ማኅበራችን ደብተር በመጻፍ ብቻ እንዳይወሰን የረዳን የንባብ ቀናችን ነው። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የነገሩንን አባቶችና እናቶች እንጠራና የጻፍነውን እናነብላቸዋለን። ቡና ይፈላል፤ ቆሎ ይቀርባል። የተሳሳትነውን ያርሙናል፤ እርስ በርሳቸውም ይከራከራሉ። እንዲህ ያለውን ክርክር ሁለቱንም ወገን እንጽፋለን። በመጨረሻም ሽማግሌዎች ይመርቁናል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ እጁን ዘርግቶ «አሜን፣ አሚን» ይላል።

የምንጩ ሥራ የተጀመረው በንባብ ቀን ነው። አንዲት እናት በልጅነታቸው ዘመን የሰፈሩ ሴቶች በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ደቦ ወጥተው ምንጩን ይጠርጉ እንደ ነበር፣ ቧንቧ ከገባ በኋላ ግን ልማዱ እንደ ተረሳ ነግረውናል። ይህን ስናነብ ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ «ታዲያ ለምን እናነበዋለን? ለምን አንሠራውም?» አሉ። በሚከተለው ቅዳሜ የሰፈሩ ቅሬ አካፋና ዶማ አበደረን። ተማሪዎች ጭቃ አወጣን፤ አባቶች የተናደውን ድንጋይ መልሰው ካቡት፤ እናቶች ንፍሮ ይዘው መጡ። ዛሬ ቧንቧ በሚቋረጥበት ቀን ሰፈሩ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ታሪክ ውሃ ያጠጣል ብል ማጋነን አይደለም።

ሌላው ሥራችን በየቤቱ ያሉትን የቈዩ ዕቃዎች መመዝገብ ነው። ምን እንዳለ፣ ከማን እንደ ተወረሰ፣ ለምን ይሠራ እንደ ነበር እንጽፋለን። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ከሣጥናቸው ውስጥ በእጅ የተጻፈ ኪታብ አወጡልን። አንድ ነጋዴ ሊገዛቸው ገንዘብ ጠርቶላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ማንበብ ስለማይችሉ ሊሸጡት ፈልገዋል። እኛም አልቻልንም። ሼሁን ጠርተን ብናስነብብ የሁላችንም ጆሮ ቆመ። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ ቋንቋው ግን አማርኛ ነው! የወሎ መሻይኾች በዚህ ዓይነት ጽሕፈት መንዙማ ሲጽፉ መኖራቸውን ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው። ባልቴቲቱ የገዛ አባታቸውን መንዙማ ከሰሙ በኋላ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠርገው ኪታቡን ወደ ሣጥኑ መለሱት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅም ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ እንደሚያዝ አስረዳናቸው። አሁን የልጅ ልጃቸው በየእሑዱ ከሼሁ ዘንድ እየሄደ ንባቡን ይማራል።

እስከ አሁን የነገርኋችሁ ደስ የሚያሰኘውን ነው። ነገር ግን በዚህ ብጨርስ የማኅበራችንን ሁለተኛ ደንብ ማፍረሴ ነው። ስለዚህ በራሴ የደረሰውን ልናገር።

ስለ ቦምቡ ቀን የነገሩን አባት በሌላ ቅዳሜ ስለ ጠላት ዘመን ነገሩን። ጣልያኖች ደሴ የገቡት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማዋ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በነዚህ አምስት ዓመታት በገበያው ከጣልያኑ ሹም ጎን ቆሞ ያስተረጕም የነበረውን ሰው ስም ጠሩ። ጓደኛዬ ይጠይቃል፤ እኔ እጽፋለሁ። ስሙን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ እጄ ቆመ። የተጠራው የአያቴ አባት ስም ነበር።

በቤታችን ቅድመ አያቴ አርበኛ ነበር እየተባለ ነው ያደግሁት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ አርበኝነቱ ድርሰት ጽፌ ሽልማት ተቀብያለሁ። እኒያ አባት የማን ልጅ መሆኔን አላወቁም። እኔም ምንም አልተናገርሁም። ማታ ሁለተኛውን ደብተር ስገለብጥ ያችን ገጽ ዘለልኋት። ማንም የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር።

በንባብ ቀን ከዚያው ደብተር ስናነብላቸው እኒያ አባት ራሳቸውን ቀና አደረጉና «ልጄ፣ የጐደለ አለ፤ የአስተርጓሚው ነገር የት ሄደ?» አሉኝ። ዕድሜያቸው ዓይናቸውን ቢያደክመውም የተናገሩትን አልረሱም። እኔ «ረስቼው ነው» አልሁ። ይህ ውሸት ነበር፤ በታሪክ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ በጸሐፊው አፍ የተነገረ ውሸት።

ከዚያም ወደ አያቴ ሄድሁ። የሰማሁትን ስነግራቸው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የያዙትን ፈትል አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፤ «እውነት ነው። አርበኛ ነበር ብዬ የነገርኋችሁ እኔ ነኝ። ልጆቼ በሰፈር እንዳይሰደቡብኝ ብዬ ነው። አባቴ ቋንቋውን የተማረው ከጦርነቱ በፊት በአንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ነው። አንዳንዱን ሰው አስፈትቷል፤ አንዳንዱንም አሳስሯል። የምትጽፊ ከሆነ ሁለቱንም ጻፊ።»

ወደ እኒያ አባት ተመልሼ የማን ልጅ መሆኔን ነገርኋቸው፤ ስለ ዋሸሁም ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰው አስፈትቶ እንደ ነበርም ጠየቅኋቸው። «አዎን፤ አጎቴን ያስፈታው እርሱ ነው። ጎረቤታችንን ያሳሰረውም እርሱ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም በሁለቱም ደብተሮች ጻፍሁ። እኒያ አባት ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል፤ ደብተራቸው በልጆቻቸው ቤት ይገኛል። ዛሬ ይህን በፊታችሁ እንድናገር አያቴ ፈቅደውልኛል። ስሙን የማልጠራው ስለማፍር አይደለም፤ ያልተጠየቁ ሌሎች ዘመዶች ስላሉ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን የነገርኋችሁ አንድ ነገር ስለ ተማርሁበት ነው። ሙዚየማችን በተዘረፈ ጊዜ ዘራፊዎቹን ረግሜአለሁ። ነገር ግን ያችን ገጽ በዘለልሁባት ማታ እኔም ከሰፈራችን ታሪክ አንድ ነገር በስውር ማውጣቴ ነበር። ልዩነቱ የእኔ ብርጭቆ አለመስበሩ ብቻ ነው። የሚያስመሰግነንን ብቻ የምንጽፍ ከሆነ፣ ከሌላው ቤት የሚመጣውን ታሪክ ልናምን አንችልም፤ እርሱም የእኛን አያምንም። በጦርነት በተጎዳ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን ካላመነ ቤቱ ቢሠራም ሰፈሩ አይሠራም። ቅድመ አያቴን ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ዐውቀዋለሁ፤ በድርሰቴ ውስጥ የነበረው አርበኛ ሥዕል ነበረ፤ በደብተሩ ውስጥ ያለው ግን ሰው ነው።

እንግዲህ በመጨረሻ ሦስት ልመና አለኝ።

ለወላጆቻችን፤ ሣጥኖቻችሁን ክፈቱልን። ዕቃውን አንወስድም፤ በፊታችሁ አንሥተን፣ ጽፈን፣ ሁለተኛውን ደብተር ለእናንተ ሰጥተን እንሄዳለን። ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁም «ይህ ለአንተ አይነገርም» አትበሉን። ዛሬ ያልነገራችሁን ነገ ማንም አይነግረንም።

ለመምህራኖቻችን፤ ስለ ዓርቡ የሒሳብ መምህራችን፣ ስለ ኮከቡ የፊዚክስ መምህራችን እንደ ረዱን ሁሉ፣ የሌላውም ትምህርት መምህር ከእኛ ጋር እንዲሠራ እንለምናለን። ታሪክ የታሪክ መምህር ብቻ ሥራ እንዳልሆነ አይተናልና።

ለታናናሾቻችን፤ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመሥራቾቹ 11 ተማሪዎች በሚመጣው ዓመት በዚህ የሚቀር የለም። በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡትን ደብተሮች ለእናንተ አስረክበናል። ሌላው ቢቀር በዚህ ሳምንት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አያታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉ። በገጹ ራስ ላይ ቀኑን መጻፍ አትርሱ።

ትምህርት ቤታችን የሚቀጥለውን በዓሉን ሲያከብር በዚህ ስፍራ ቆሞ የሚናገረው ተማሪ የእኛን ስሕተት አርሞ፣ የኮከቡን ጥያቄ ፈትቶ፣ ከእኛ የተሻለ እንዲናገር ምኞቴ ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ ከተማችንን በሰላም ይጠብቅ።